ከአስመራ እስከ ፍሎሬንስ፦ የፕሮፌሰር ታምራት አማኑኤል መንገድ

በየዓመቱ በዓላቱ እንዳለፉ ከጊቫት ሃሞሬ ሻንጣ ይዘው የሚወጡ ልጆች አሉ። ወደ ሃይፋ፣ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ቤር ሼቫ፤ አንዳንዱም ለሁለተኛ ዲግሪ ባሕር ተሻግሮ። እናት እንጀራውን ጠቅልላ፣ በርበሬውን በዕቃ ሞልታ ትሰጣለች። አባት ደግሞ ስለ ሹታፊሞቹ ይጠይቃል፤ የማን ልጆች ናቸው፣ ምን ይበላሉ፣ ሰንበት ያከብራሉ ወይ ይላል። ልጁ አይዞህ አባቴ ብሎ ይሄዳል። እኛም ስንሄድ እንዲሁ ነበር። ለዚህ ነው ዘንድሮ ከሁላችንም ቀድመው የሄዱትን ሰው የመረጥነው።

ታምራት አማኑኤል በ1888 በጎንደር አካባቢ ተወለዱ። (ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ በለመድነው በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈናል።) ቤተሰባቸው በሚስዮን ስብከት ክርስትና ከተቀበሉት ወገን ነበር፤ እሳቸውም አስመራ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ይህ ሲነሳ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሽማግሌዎች እናውቃለን። ግን የሆነውን መደበቅ ምን ይጠቅማል? ያን ጊዜ ዘመናዊ ትምህርት የፈለገ ልጅ ብዙ በር አልነበረውም።

ከፖላንድ ከሎድዝ የመጡት፣ በፓሪስ የሴም ቋንቋዎችን የተማሩት ዶክተር ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ቤተ እስራኤልን ፍለጋ ኢትዮጵያ ገቡ። በ1905 ሲመለሱ ሁለት ወጣቶችን ይዘው ሄዱ፤ ጌቴ ኤርምያስንና ታምራት አማኑኤልን። ታምራት ያኔ 17 ዓመታቸው ነበር። የ17 ዓመት ልጅን አንቱ ማለት ትንሽ ያስቃል፤ ልማዳችን ነውና ይለፈን።

የገቡት ፓሪስ ኦተይ በሚባለው ሰፈር፣ አሊያንስ የተባለው የአይሁድ ማኅበር መምህራን የሚያሰለጥንበት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ከሞሮኮ፣ ከቱርክ፣ ከኢራን የመጡ የአይሁድ ልጆች አብረው ያድራሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ሁሉም በፈረንሳይኛ ይማራሉ፤ ሲጨርሱ ተመልሰው ያስተምራሉ። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ሁሉ ልጅ መሐል በአማርኛ ልታወራው የምትችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስልክ የለ፣ ለእናት ምስል መላክ የለ። ደብዳቤ እንኳ ወደ ጎንደር ለመድረስ ወራት ይፈጅበታል።

ከብርዱም ከቋንቋውም የሚከብድ ሌላ ነገር ነበር። እነዚህ ጥቁር ሰዎች በእርግጥ አይሁድ ናቸው ወይ፣ ትምህርት ቤትስ ሊከፈትላቸው ይገባል ወይ የሚለው ክርክር በዚያው በአውሮፓ ይካሄድ ነበር። በ1908 አሊያንስ ራቢ ሃይም ናሁምን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ሪፖርታቸው ትምህርት ቤት ለመክፈት የሚያበረታታ አልሆነም፤ ፋይትሎቪችም አጥብቀው ተቃወሙት። እንግዲህ ተማሪው ታምራት የወገናቸው ጉዳይ በሌሎች አፍ ሲመዘን፣ እሳቸው መጽሐፋቸውን ገልጠው መቀመጥ ነበረባቸው። በኡኒቨርሲታ ክፍል ውስጥ ስለ እኛ እኛ ባለንበት ሲወራ የሰማን ሁሉ ይህ ወንበር እንዴት እንደሚቆረቁር እናውቃለን።

ከፓሪስ ቀጥሎ ፍሎሬንስ ነው። በዚያ ከተማ ራቢ ሽሙኤል ማርጉሊስ ለቤተ እስራኤል የቆመ ኮሚቴ ይመሩ ነበር፤ የጣልያን ራቢዎች ኮሌጅ ኃላፊም እሳቸው ነበሩ። ታምራት እዚያ ገብተው ተማሩ። በኋላ በኢየሩሳሌም ኡኒቨርሲታ ታናክ ያስተማሩት ኡምቤርቶ ካሱቶም የዚሁ ኮሌጅ ልጅ ናቸው። የአስመራው የሚስዮን ተማሪ በዕብራይስጥ፣ በፈረንሳይኛና በጣልያንኛ የሚያነቡ ምሁር ሆኑ።

ፋይትሎቪች በዓመታት ውስጥ 25 ያህል ወጣቶችን ወደ አውሮፓ፣ ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ግብጽ ልከዋል። ሁሉም አልቀናቸውም። በሰው አገር በሕመም የሞቱ አሉ፤ ተመልሰው ብዙ ሳይቆዩ ያረፉም አሉ። ወላጆች ይህን ስታነቡ ልጃችሁን ለባዕድ ሰው ሰጥቶ ዓመታት የጠበቀውን የወለቃ ወይም የጎንደር አባት አስቡልን።

ታምራት ግን ተመለሱ። በ1920 ከፋይትሎቪች ጋር ኢትዮጵያ ገቡ፤ ጥቂት ቆይቶም አዲስ አበባ ላይ ለቤተ እስራኤል ልጆች የተከፈተውን ትምህርት ቤት መምራት ጀመሩ። ልጆቹ ከጎንደር አገር መጥተው እዚያው እያደሩ ይማሩ ነበር፤ እንግዲህ አሁን ደግሞ አዳሪዎችን የሚቀበሉት እሳቸው ሆኑ። በውጭ አገር የተማሩት ዮና ቦጋለም ተመልሰው እዚያ አስተምረዋል። ከፋይትሎቪች ጋር የነበራቸው ነገር ግን እየሻከረ ሄደ። ያሳደገን ሰው መቃወም በእኛ ዘንድ ቀላል አይደለም። ታምራት ግን የራሳቸው ሐሳብ ነበራቸው፤ እኛ እንደ ውለታ ቢስነት አናየውም።

ከዚያ ጣልያን መጣ። ቋንቋውን ፍሎሬንስ ውስጥ የተማሩበት አገር በ1936 አዲስ አበባን ያዘ፤ በ1937 የካቲት ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የተማረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይታደን ጀመር። ታምራት አገር ጥለው ተሰደዱ፤ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ከነጻነት በኋላ ተመልሰው መንግሥትን አገለገሉ። ከዚያም በፓሪስ የኢትዮጵያ ኤምባሲ የባህል ጉዳይ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ፤ በልጅነታቸው በአዳሪነት ወደ ገቡባት ከተማ በመንግሥት ሥራ ተመለሱ ማለት ነው።

የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉት በኢየሩሳሌም ነው፤ በ1963 እዚያው አረፉ። ራቭ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው የወሰኑት ከዚያ 10 ዓመት በኋላ፣ በ1973 ነው።