አድያም ሰገድ ኢያሱና ስሙን የወረሱት

ኢያሱ ተብለው የነገሡ ብዙዎች ናቸው። ስማቸው አንድ በመሆኑ የአንዱ ሥራ ለሌላው ሲሰጥ እንሰማለን። ነገ ክፍል ገብተን የምናስተምር ዕጩ መምህራን ነንና ብንለያቸው ይሻላል። ዛሬ በተለይ ስለ መጀመሪያው እንጽፋለን። ከትክል ድንጋይ ወደ ጎንደር የሚመጣ ሁሉ ግንቡን ያውቀዋል፤ የባለቤቱን መጨረሻ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

አድያም ሰገድ ኢያሱ የዐፄ ዮሐንስ ልጅ፣ ጎንደርን የቆረቆረው የዐፄ ፋሲል የልጅ ልጅ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1682 ነገሠ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያሠራ እሱ ነው። በ1698 ንግዱ እንዲስፋፋ ብሎ የቀረጡንና የግብሩን ደንብ አሻሻለ። በቅባትና በተዋሕዶ ክርክርም ጉባኤ እየጠራ ሊቃውንቱን አከራክሯል። በታመመ ጊዜ ከካይሮ ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም መጥቶ በ1699 አከመው፤ ዳነም።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሠራ ሰው ያልዳነው ከገዛ ልጁ ነው። በ1706 የሚወዳት ዕቁባቱ ሞተችበትና ኀዘኑ ስለጸናበት ቤተ መንግሥቱን ትቶ ጣና ደሴት ገባ። መኳንንቱ ይህንን ምክንያት አድርገው፣ ከእናቱ ከመለኮታዊት ጋር መክረው፣ ልጁን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡት። ልጅየው አባቱ በሕይወት እያለ ዙፋኑ ላይ መቀመጡ አላስተማመነውም መሰለን፣ የእናቱ ወንድሞች ተልከው ኢያሱን እዚያው ደሴት ላይ ገደሉት። አስከሬኑ ምጥራሃ ደሴት ተቀበረ። ሕዝቡ ገዳዩን እርጉም ተክለ ሃይማኖት አለው። እሱም ሁለት ዓመት እንኳ ሳይደላው በ1708 በጩቤ ተወግቶ ሞተ። ቀጥሎ የነገሠው ቴዎፍሎስ፣ የአድያም ሰገድ ወንድም፣ መለኮታዊትንና ሌሎቹን ገዳዮች በሞት ቀጣ።

ዳግማዊ ኢያሱ የበካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ፣ የአድያም ሰገድ የልጅ ልጅ ነው። በ1730 ሲነግሥ ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ስለነበር አገሩን የያዘችው እናቱ ናት። በ1744 ስናር ዘምቶ ተሸነፈ። ከአያቱ ጋር እያወዳደሩ ትንሹ ኢያሱ ይሉት ነበር፤ በእኛ አስተያየት ግን በሕፃንነቱ የነገሠን ሰው ከአያቱ ጋር ማመዛዘን ትንሽ ግፍ አለበት።

ሦስተኛውና አራተኛው በዘመነ መሳፍንት ስም ብቻ ይዘው የተቀመጡ ናቸው። ከዐፄ ምኒልክ በኋላ እስከ 1916 የገዛው የመጨረሻው ደግሞ ዘውድ ስላልደፋ እስከ ዛሬ ልጅ ኢያሱ ይባላል።