በምእመናን ፊት የቆመው ዳኛ፤ የሳሙኤል ሱዎል የሕይወት ታሪክ

ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ቃል በገባ ጊዜ፣ የወሰደው ገንዘብ ነበረና መመለስ ተቻለው። ዳኛ ግን በፍርድ ወንበር ተቀምጦ የንጹሕ ሰው ነፍስ ካጠፋ ምን ሊመልስ ይችላል? ይህ ጥያቄ የሳሙኤል ሱዎልን ሕይወት ለሁለት የከፈለ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሱዎል በ1652 በእንግሊዝ አገር ተወለደ። የ9 ዓመት ልጅ ሳለ ከቤተ ሰቡ ጋር ባሕር ተሻግሮ ማሳቹሴትስ ገባ። ይህች ምድር ዛሬ ከአሜሪካ ግዛቶች አንዷ ስትሆን፣ በዚያን ዘመን ግን ስለ ሃይማኖታቸው ከአገራቸው የወጡ እንግሊዛውያን ያቀኗት ነበረች። በሐርቫርድ ኮሌጅ ተምሮ በ1671 ተመረቀ፤ የባለጸጋውን የጆን ሐልን ልጅ ሐናን ካገባ በኋላም ወደ ንግድና ወደ መንግሥት ሥራ ገባ። 14 ልጆች ወለዱ፤ አብዛኞቹም በአባታቸው ዕድሜ ሞቱ። ከወጣትነቱ ጀምሮ እስከ ሽምግልናው ድረስ ከ50 ዓመት በላይ የዕለት ማስታወሻ ይጽፍ ስለ ነበረ፣ ልቡን የምናውቀው ከዚያ መዝገብ ነው።

በ1692 መጀመሪያ ላይ ከቦስቶን በስተ ሰሜን በምትገኘው በሳሌም መንደር ጥቂት ልጃገረዶች እየጮኹና እየተንፈራገጡ ይወድቁ ጀመር። ጠንቋዮች ናቸው ብለውም ጎረቤቶቻቸውን ወነጀሉ። ክሱ ከቤት ወደ ቤት፣ ከመንደር ወደ መንደር ተዛመተ። አገረ ገዢው ዊልያም ፊፕስ በግንቦት ወር ልዩ ፍርድ ቤት አቆመ፤ ከተሾሙትም 9 ዳኞች አንዱ የ40 ዓመቱ ሱዎል ነበረ። የዳኞቹ አለቃ ዊልያም ስቶተን ይባላል።

የተከሳሹ አካል በቤቱ ተቀምጦ ሳለ ምስሉ መጥቶ እንዳነቃቸውና እንደ ነከሳቸው ልጃገረዶቹ ሲናገሩ፣ ዳኞቹ ይህን ምስክርነት አድርገው ተቀበሉ። ከከሳሹ በቀር ማንም ያላየውን ነገር ማን ሊያስተባብል ይችላል? በአገራችንም በቀድሞ ዘመን ሌባ ሻይ የሚሉት ሥርዓት ነበረ፤ መድኃኒት የተሰጠው ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበረ። ስለዚህ በሳሌም ሰዎች ለመሳለቅ አንቸኩል።

ከዚህም የከፋ ነገር ነበረ። ጠንቋይ ነኝ ብሎ ያመነ ሰው ከሞት ሲተርፍ፣ በሐሰት ራሱን ለመወንጀል እንቢ ያለ ግን ተሰቀለ። በዚያ ዓመት 14 ሴቶችና 5 ወንዶች፣ በድምሩ 19 ሰዎች፣ በገመድ ተሰቀሉ። ጋይልስ ኮሪ የተባለ ሽማግሌ ለክሱ መልስ አልሰጥም ስላለ ድንጋይ ተከምሮበት ሞተ፤ ቢያንስ 5 ሰዎች ደግሞ በወህኒ አለቁ። ርብቃ ነርስ የ71 ዓመት ባልቴት፣ በመንደርዋ የተከበረች አማኝ ነበረች። ከሕዝቡ የተመረጡት 12 መማክርት በመጀመሪያ ነጻ ናት ብለው ነበረ፤ ነገር ግን ልጃገረዶቹ ጮኹ፣ ስቶተንም ነገሩን እንደገና እንዲመረምሩ አሳሰባቸው፣ እነርሱም ቃላቸውን ለወጡ። ቤተ ክርስቲያንዋ አወገዘቻት፤ በሐምሌም ተሰቀለች።

ከ9ኙ ዳኞች አንዱ ናትናኤል ሶልቶንስቶል ከመጀመሪያው የሞት ፍርድ በኋላ ሥራውን ትቶ ወጥቷል። ሱዎል ግን እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። ይህን ማስታወስ ይገባል፤ መውጫ በር ነበረና።

በጥቅምት መጨረሻ አገረ ገዢው ፍርድ ቤቱን ዘጋው። በ1693 የተተካው ፍርድ ቤት የምስልን ምስክርነት ስላልተቀበለ እስረኞቹ አብዛኞቹ ነጻ ተባሉ፤ ነገር ግን ነጻ የተባለው ሰው እንኳ የታሰረበትን ወጪ ሳይከፍል ከወህኒ አይወጣም ነበረ። ከዚያ በኋላ 4 ዓመት ዝምታ ሆነ። አገሩ ሁሉ ሰይጣን አሳስቶን ነበር ይል ጀመር፤ እንዲህ ባለው ንግግር ውስጥ ግን የማንም ሰው ስም የለበትም።

በ1696 ታኅሣሥ የሱዎል የ2 ዓመት ልጅ ሣራ ሞተች። በዚያው ሰሞን ወጣቱ ልጁ ሳሙኤል ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 በላቲን ቋንቋ አነበበለት። በዚያ ምዕራፍ 7ኛው ቍጥር ጌታ ፈሪሳውያንን ሲወቅስ፣ ከመሥዋዕት ምሕረት እንደሚበልጥ ቢያውቁ ኖሮ ንጹሐንን ባልኰነኑ ነበር ይላል። ይህ ቃል የሳሌምን ነገር በሚያስፈራ አኳኋን እንዳሳሰበው ሱዎል በማስታወሻው ጽፏል።

ጃንዋሪ 14 ቀን 1697 ስለ ሳሌም ነገር የጾምና የምሕላ ቀን እንዲሆን መንግሥት ዐወጀ። በቦስቶን በደቡብ ቤተ ክርስቲያን ሱዎል አንድ ወረቀት ለሰባኪው ለሳሙኤል ዊላርድ ሰጠ፤ ሰባኪው ሲያነብም ከመቀመጫው ተነሥቶ በጉባኤው ሁሉ ፊት ቆመ፤ ንባቡ ሲያልቅ ራሱን ዝቅ አደረገ። በወረቀቱ በዚያ ፍርድ ቤት ስለ ተደረገው በደል ከሚያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ይልቅ እርሱ እንደሚጠየቅ ተናግሮ፣ ነቀፋውንና ኀፍረቱን በራሱ ላይ አደረገ፤ ከሰዎችም ከእግዚአብሔርም ይቅርታን ለመነ። በስቶተን አላሳበበም፤ በልጃገረዶቹም፣ በዘመኑም ሕግ አላሳበበም። የሟቾቹን ስም ግን በወረቀቱ ላይ አልጠራም፤ ቢጠራ መልካም ነበረ ብለን እናስባለን። በዚያው ዘመን 12 መማክርትም የይቅርታ ጽሑፍ ፈርመው አወጡ። ከዳኞቹ ግን በሕዝብ ፊት እንዲህ ያደረገ ሌላ አልተገኘም፤ ስቶተን በ1701 እስኪሞት ድረስ በሥራው አልተጸጸተም።

በሳሌም መንደርም ዮሴፍ ግሪን የተባለ ወጣት መጋቢ ተሾመ። ይህ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ የመቀመጫ ደልድል ሲያደርግ፣ የከሳሾቹን የፑትናምን ቤትና የሟችዋን የነርስን ቤት ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። በየሰንበቱ ትከሻ ለትከሻ መቀመጥ ቀላል አልነበረም። በ1706 ከልጃገረዶቹ አንዷ የነበረችው አን ፑትናም፣ በ26 ዓመትዋ፣ ልክ እንደ ሱዎል በጉባኤው ፊት ቆማ መጋቢው ኑዛዜዋን አነበበላት። ነርስን በስም ጠርታ፣ ሁለት እኅቶችዋንም አንሥታ ይቅርታ ጠየቀች።

ቃል ብቻውን ግን የተዘረፈ ቤትና የጠፋ ስም አይመልስም፤ ቤተ ዘመዶች ደጋግመው አቤት አሉ። በ1711 የማሳቹሴትስ መንግሥት የ22 ሰዎችን ፍርድ ሽሮ 578 ፓውንድ ከ12 ሽልንግ ካሳ ፈቀደ። በ1712 የሳሌም ቤተ ክርስቲያን ርብቃ ነርስ ከሞተች ከ20 ዓመት በኋላ ውግዘትዋን ሻረ። ካሳውም ነቀፋ አልታጣበትም፤ በሚስቱ በሣራ ጉድ ላይ የተናገረው ባልዋ 30 ፓውንድ ተቀብሏል። አቤት የሚልላቸው ያልነበሩ ደግሞ ተረሱ። የቀሩት ስሞች በ1957ና በ2001 በወጡ ሕጎች ነጹ፤ የመጨረሻዋ ኤልሳቤጥ ጆንሰን ነጻ የተባለችው በ2022 ነው፤ ለእርስዋም አቤቱታውን የጀመሩት ከመምህራቸው ጋር የመለስተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ።

ሱዎል ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ የተዘጋ ጆሮ አንኳኳ። ጆን ሳፊን የተባለ ባለሥልጣን ባሪያውን አዳምን ከ7 ዓመት አገልግሎት በኋላ ነጻ ሊያወጣው በጽሑፍ ቃል ገብቶ ሳለ ቃሉን አጠፈ። ሱዎል በ1700 ስለ ዮሴፍ መሸጥ የምትናገር ትንሽ ጽሑፍ አሳተመ፤ ሰዎች ሁሉ የአንዱ የአዳም ልጆች ስለ ሆኑ ሰውን መሸጥ ኀጢአት መሆኑን አስረዳ። በዚያ አገር ባርነትን በመቃወም ከታተሙት ጽሑፎች ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት። ጥቁሮችና ነጮች አንድ ሕዝብ ሆነው ሊኖሩ አይችሉም የሚል አሳብም አለባት፤ ይህ የዘመኑ ነውር ከእርሱ አልወጣም ነበረ። ሳፊን በቍጣ የመልስ ጽሑፍ አወጣ፤ ነገሩ በፍርድ ቤት ከተጓተተ በኋላ ግን አዳም በ1703 ነጻ ወጣ።

ሱዎል በ1718 የማሳቹሴትስ ዳኞች አለቃ ሆኖ 10 ዓመት አገለገለ። በ1720 በለንደን የታተመ የአገሩ ታሪክ እጁ ገባ። ገልጦ ሲያነብ በአንድ ገጽ የሳሌም ዳኞችን ስም፣ በሌላ ገጽ የራሱን ኑዛዜ ተጽፎ አገኘ፤ ሁለቱንም ገጾች በቍጥራቸው በማስታወሻው መዘገበና ስለ አገሩ፣ ስለ ራሱና ስለ ቤቱ አጭር ጸሎት ጻፈ። በጃንዋሪ 1 ቀን 1730 በ77 ዓመቱ ዐረፈ፤ መቃብሩም በቦስቶን መካከል አለ።