ኖርበርት ዊነር
ኖርበርት ዊነር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1894 በአሜሪካ አገር በሚዙሪ ተወልዶ፥ በ18 ዓመቱ ከሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለ። (እኛ በዚህ ዕድሜ ገና ከአልጀብራ ጋር እንታገላለን!)

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መድፈኛው ጥይቱ በሚደርስበት ሰዓት አይሮፕላኑ የት እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት፤ የሚለካው ቁጥር ግን በስሕተት የተበረዘ ነው። አጥብቀን ብናጣራው ወሬው ይዘገያል፤ አላልተን ብናጣራው ስሕተቱም አብሮ ያልፋል። ዊነር በ1942 ባቀረበው ጽሑፍ የእውነተኛውንና የስሕተቱን ጠባይ መዝኖ፥ በአማካይ ከሁሉ ያነሰ ስሕተት የሚያስቀረውን ማጣሪያ በሒሳብ መምረጥ እንደሚቻል አሳየ። መሣሪያው ለጦርነቱ አልደረሰም፤ ዘዴው ግን ዛሬም በኮምፒዩተር ይሠራበታል።

ይበልጥ የምናከብረው ከጦርነቱ በኋላ ለሚሳይል ሥራ ይህንኑ ጽሑፍ ሲጠይቁት እምቢ ማለቱን ነው፤ እምቢታውም በ1947 በመጽሔት ታተመ። በ1964 በስቶክሆልም ከተማ ሞተ።