ፍሪድሪክ ፍሮቤልና የሕፃናት መምህራን መሣሪያ

ስለ ቅድመ መደበኛ ትምህርት በምንወስዳቸው ኮርሶች ሁሉ የፍሪድሪክ ፍሮቤል ስም ይነሳል፤ ተነስቶም ቶሎ ይታለፋል። ጀርመናዊ ነው፣ መዋዕለ ሕፃናትን መሠረተ፣ በቃ፤ ለፈተና ይኸው ይበቃል። እኔ በበኩሌ የሰውዬውን ሕይወት ትንሽ ጠለቅ ብዬ ሳነበው የሳበኝ ሌላ ነገር ነው። ትንንሽ ልጆችን ሰብስቦ ማዋል ከፍሮቤል በፊትም በአውሮፓ ነበር፤ ወላጆች ሥራ ሲውሉ ልጆቻቸው የሚጠበቁባቸው ቤቶች ነበሩ። ጠባቂዋ ግን በእጇ የምትይዘው መሣሪያ፣ የምታነበው መጽሐፍ፣ ሙያዋን የምትማርበት ቦታ እምብዛም አልነበራትም። ፍሮቤል የሕይወቱን የመጨረሻ አሥራ አምስት ዓመታት ያዋለው ይህንን ለማሟላት ነው። እኛም ነገ ከነዚህ ልጆች ፊት የምንቆም ስለሆንን ታሪኩ ይመለከተናል ብዬ አምናለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ፍሮቤል በ1782 በጀርመን የቱሪንጂያ አውራጃ ኦበርቫይስባኽ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የሉተራን ቄስ ነበር፤ ሥራ የሚበዛበት፣ ከልጁ ጋር የሚያወጋበት ጊዜ የሌለው ሰው። እናቱ ዓመት ሳይሞላው ሞተችበት። የእንጀራ እናቱም የራሷን ልጅ ስትወልድ ትንሹን ፍሪድሪክን ገፋ አደረገችው። ልጁ ብቻውን ግቢ ውስጥ ከአትክልትና ከዛፍ ጋር ሲውል አደገ። አሥር ዓመት ሲሆነው የእናቱ ወንድም ወሰደውና ከእሱ ዘንድ ተማረ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ፍሮቤል ስለ እናትና ልጅ አብዝቶ የጻፈው እናት ስላጣ ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ያ ግቢ የባሰ ሳይጫነው አልቀረም እላለሁ።

ወጣትነቱ አልረጋም። በ15 ዓመቱ ከደን ጠባቂ ዘንድ ሙያ እንዲማር ተላከ። ቀጥሎ የና ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ገንዘብ አልቆበት በዕዳ ምክንያት ዘጠኝ ሳምንት በዩኒቨርሲቲው እስር ቤት ተቀመጠ። (አዎ፣ ያኔ ዩኒቨርሲቲ የራሱ እስር ቤት ነበረው!) በ1805 አርክቴክት ለመሆን ፍራንክፈርት ሲሄድ ግሩነር የተባለ የአንድ ትምህርት ቤት ኃላፊ እንዲያስተምር ጠየቀው፤ ክፍል ውስጥ ሲገባ ቦታውን አገኘ። በዚያው ዓመት ስዊዘርላንድ ተጉዞ የታወቀውን መምህር ፔስታሎዚን ኢቨርዶን ላይ ጎበኘው፤ ከ1808 እስከ 1810 ደግሞ የሚያስተምራቸውን ሦስት ወንድማማቾች ይዞ እዚያው ኖረ። ልጅ ከቃል በፊት በዐይኑና በእጁ እንደሚማር የተረዳው ከዚያ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ለብዙዎቻችን አዲስ ይመስለኛል። ፍሮቤል በርሊን ሄዶ በክሪስቶፍ... ሳይሆን በክርስቲያን ዛሙኤል ቫይስ ሥር ስለ ክሪስታል ድንጋዮች አጠና። በ1813 ናፖሊዮንን ለመውጋት ዘመተ፤ በዘመቻው ላይ ሚደንዶርፍንና ላንገታልን ተዋወቀ፤ እነዚህ ሁለቱ የዕድሜ ልክ ባልደረቦቹ ሆኑ። ሲመለስ እስከ 1816 ድረስ በበርሊን የማዕድን ሙዚየም ረዳት ሆኖ ሠራ፤ ክሪስታል እየለየ፣ እየደረደረ። ውስብስብ የሆነው ድንጋይ ከቀላል ቅርጽ ተነስቶ በሕግ እንደሚያድግ ያየው እዚያ ነው። በኋላ ለልጆች የሠራቸውን የእንጨት ቅርጾች ላየ ሰው ሙዚየሙ ትዝ ይለዋል።

በ1816 የሟች ወንድሙን ልጆች ጨምሮ የወንድሞቹን ልጆች ሰብስቦ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በዓመቱ ወደ ካይልሃው መንደር አዛወረው። በ1826 የሰው ልጅ አስተዳደግ የተሰኘውን ትልቁን መጽሐፉን አሳተመ። እውነቱን ለመናገር አጻጻፉ ከባድ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። በዚያ ላይ መንግሥት በጥርጣሬ ስላየው ትምህርት ቤቱ ተዳከመ። በ1831 ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ፤ በ1835 ቡርግዶርፍ ላይ የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ መራ፣ መምህራንንም አሠለጠነ። ትልቁ ችግር ከትምህርት ቤት በፊት ባሉት ዓመታት ላይ እንዳለ ያመነውም በነዚሁ ዓመታት ነው።

እናም በ1837፣ 55 ዓመት ሲሞላው፣ ብላንከንቡርግ ላይ የልጆች መጫወቻ መሣሪያ የሚያሠራበትን ተቋም ከፈተ። ሌላው ሰው ስለ ጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ እሱ ከአናጢ ጋር ስለ እንጨት ኩብ ይነጋገር ነበር።

መሣሪያዎቹን ስጦታ ብሎ ጠራቸው፤ በተራ ቁጥር ነው የሚሰጡት። አንደኛው ከክር የተሠሩ ስድስት ለስላሳ ኳሶች ናቸው፤ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ፤ ማወዛወዣ ገመድም አላቸው። ሁለተኛው የእንጨት ኳስ፣ ኩብና ሲሊንደር ነው። ኳሱ ይንከባለላል፣ ኩቡ ይቆማል፣ ሲሊንደሩ ሁለቱንም ይችላል፤ ልጁ ይህን ሳይነገረው በእጁ ይደርስበታል። ሦስተኛው አንድ ኩብ ሲሆን ስምንት ትንንሽ ኩቦች ሆኖ ይፈታል። ልጅ ዕቃ ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያደርገው መፍታት አይደል? ፍሮቤል ያንን ጠባይ አልተቆጣም፤ የሚፈታና ተመልሶ የሚገጠም ነገር ሰጠው። አራተኛውም በስምንት ይከፈላል፤ ክፍሎቹ ግን እንደ ጡብ ጠፍጣፋ ናቸው። አምስተኛውና ስድስተኛው 27 ክፍል ያላቸው ትልልቅ ኩቦች ሆነው ከነዚህ የተወሰኑት እንደገና ተቆርጠዋል። በነዚህ ልጁ ወንበር፣ ድልድይ፣ ቤት ይሠራል፤ ወይም ኮከብ የሚመስል ውብ ንድፍ ይደረድራል፤ ወይም ግማሽና ሩብ ምን እንደሆነ ያያል። ከነሱ ጎን ወረቀት ማጠፍ፣ ሽመና፣ ስፌት፣ የጭቃ ሥራ አሉ። ግቢው ውስጥም እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ትንሽ መደብ አለው፤ ይዘራበታል፣ ያጠጣል።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ለልምምድ በወጣሁበት አንድ መዋዕለ ሕፃናት ጥሩ ጥሩ የእንጨት ብሎኮች ነበሩ፤ የት? ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በቁልፍ። እንዳይጠፉ ነው ተባልኩ፤ ንብረት ናቸውና ቢጎድሉ መምህርቷ ትጠየቃለች። ልጆቹ ፊደሉን በጩኸት ይሉ ነበር። መምህርቷን አልወቅስም፤ ደመወዟ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። ግን መሣሪያ መኖሩና መምህሩ በመሣሪያው እንዲሠራ መደረጉ ለየቅል መሆናቸውን እዚያ አየሁ። ፍሮቤልም የገጠመው ይኸው ይመስለኛል። ሳጥኑን ብቻ የሚገዛ ሰው ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም ነበርና ከ1838 ጀምሮ የእሑድ ጋዜጣ እያሳተመ አጠቃቀሙን አስረዳ። በ1844 ደግሞ የእናቶች መዝሙር መጽሐፍ አወጣ፤ በጣት የሚሠራ ጨዋታ፣ ዜማ፣ ሥዕልና ለእናቲቱ የሚሆን ማብራሪያ አንድ ላይ የያዘ ነው።

መዋዕለ ሕፃናት የሚለውን ስም፣ በጀርመንኛው የሕፃናት አትክልት ቦታ ማለት ነው፣ ያወጣው በ1840 ነው። የእኛው ቃል ሕፃናት የሚውሉበት ከማለት የመጣ ስለሆነ አትክልቱን ጥሎታል፤ ያሳዝናል። ለዚህ ሥራ ገንዘብ ለማግኘት ለጀርመን ሴቶች አክሲዮን አቀረበ፤ የገዛው ጥቂት ነው። ሥልጠናው ግን ቀጠለ። መጀመሪያ ወንዶችን ሊያሠለጥን አስቦ ነበር፤ ቆይቶ ግን ፊቱን ወደ ወጣት ሴቶች አዞረ። ያኔ ላላገባች የተማረች ሴት ደመወዝ የሚያስገኝ ክቡር ሥራ ብዙም አልነበረም። የልጆችን ጨዋታ መምራት ሙያ ነው፣ ይጠናል፣ ይሠለጠንበታል ሲል የሳቁበት ብዙ ነበሩ። በ1849 ባድ ሊበንሽታይን ሲገባ ሽማግሌ ሆኖ ከመንደር ልጆች ጋር እየዘለለ ስለሚዘምር የአገሩ ሰው እንደ ሞኝ ቆጠረው። እዚያ ግን ቤርታ ፎን ማሬንሆልትስ ቢሎቭ የምትባል ባላባት ሴት አየችው፤ ነገሩ ገባት፤ ከዚያ በኋላ ሥራውን በአውሮፓ ያስተዋወቀች እሷ ናት።

በኦገስት 1851 የፕሩሺያ መንግሥት መዋዕለ ሕፃናትን ከለከለ። ምክንያቱ ሶሻሊዝምና እግዚአብሔርን መካድ ያስተምራሉ የሚል ነበር። የወንድሙ ልጅ ካርል ፍሮቤል ስለ ሴቶች ትምህርት ያሳተመው ጽሑፍ ከአጎቱ ሥራ ጋር ተምታቶ ነው ይባላል። ሽማግሌው ስህተቱን ለማስረዳት ደብዳቤ ጻፈ፤ ለንጉሡም አቤት አለ፤ የሰማው የለም። ልጆች በኳስ ስለሚጫወቱበት ቤት መንግሥት ይህን ያህል መፍራቱ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ፍሮቤል በጁን 1852 በ70 ዓመቱ ማሪየንታል ላይ ሞተ። ሽቫይና የሚገኘው የመቃብር ሐውልቱ ከታች ኩብ፣ በላዩ ሲሊንደር፣ ከሁሉ በላይ ኳስ ነው። እገዳው የተነሳው በ1860 ነው።

የዘለቀው በሠለጠኑት ሰዎች እጅ ነው። ማርጋሬቴ ሹርትስ በ1856 አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ በጀርመንኛ ከፈተች፤ ኤልዛቤት ፒቦዲ በ1860 ቦስተን ላይ በእንግሊዝኛ፤ ሱዛን ብሎው በ1873 በሴንት ሉዊስ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ። በ1876 ቶኪዮም ደረሰ። ሚልተን ብራድሊ የተባለ የአሜሪካ ጨዋታ አምራችም ስጦታዎቹን እያመረተ ይሸጥ ጀመር። ሆኖም ሳጥኑ በተስፋፋ ቁጥር ጨዋታው እየደረቀ ሄደ፤ አንዳንድ መምህራን ልጆቹን በመስመር አስቀምጠው ሁሉም በአንዴ፣ በትእዛዝ፣ አንድ ዓይነት ኩብ አንድ ዓይነት ቦታ እንዲያስቀምጡ ያደርጉ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስታንሊ ሆልና ጆን ዲዊ ይህን ተቹ። ትችቱ ልክ ነው እላለሁ፤ ፍሮቤል ራሱም ተራ ቁጥሩን አጥብቆ ስለያዘ ከጥፋቱ ነፃ አይደለም። ከተከታዮቹ መካከል የወጣችው ፓቲ ስሚዝ ሂል ግን ሳጥኑን አልጣለችም፤ አሳደገችው። እሷ ያሠራቻቸው ብሎኮች በጣም ትልልቅ ስለነበሩ ልጆች በነሱ ቤት ሠርተው ውስጡ ይገቡበት ነበር።