ነህምያና የድኆች ዕዳ

ነህምያ ከአይሁድ ወገን የተወለደ ሰው ነው። አባቶቹ ወደ ባዕድ አገር ተማርከው ነበርና፥ እርሱ በፋርስ መንግሥት በሱሳ ከተማ የንጉሡ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ሆነ። የኢየሩሳሌም ቅጥር እንደ ፈረሰ በሰማ ጊዜ አለቀሰ፥ ጾመም። ከዚህ በኋላ ንጉሡን አስፈቅዶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ445 ዓመት ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ፤ በይሁዳም ላይ ገዥ ሆነ። ቅጥሩንም ከሕዝቡ ጋራ በ52 ቀን ሠርቶ ፈጸመ።

ነገር ግን በሥራው መካከል ከጠላት የባሰ ነገር አገኘው። በአገሩ ራብ ስለ ነበረ፥ ድኆች ለእህልና ለንጉሥ ግብር ተበድረው እርሻቸውንና ቤታቸውን አስይዘው ነበር። የሚከፍሉትን ባጡ ጊዜ ልጆቻቸው ባሮች ሆኑ። አበዳሪዎቹም የገዛ ወንድሞቻቸው ነበሩ።

ይህ ነገር በመካነ ሰላምና በቦረና ደጋ ለሚኖር ሰው እንግዳ አይደለም። ክረምት ሲበረታ ጎተራው የተራቆተበት ገበሬ እህል ይበደራል፤ አዝመራው ደርሶ ከነአራጣው ሲከፍል ለልጆቹ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

የሙሴ ሕግ ከባዕድ አራጣ መቀበልን ቢፈቅድም፥ ከወንድም መቀበልን ይከለክላል። የድኃን ልብስ በመያዣ የወሰደ ሰው ፀሐይ ሳይገባ እንዲመልስ፥ ወፍጮውንና መጁን ግን ከቶ እንዳይወስድ ያዝዛል። አራጣ በዕብራይስጥ ነሼክ ይባላል፥ ንክሻ ማለት ነው፤ በግዕዝም ነሰከ ማለት ነከሰ ነው። የእባብ ንክሻ ሲጀምር ትንሽ ነው፥ ኋላ ግን መላ አካልን ያሳብጣል።

ነህምያ የሕዝቡን ጩኸት ሰምቶ እጅግ ተቈጣ፤ ዳሩ ግን ከመናገሩ በፊት በልቡ አሰበ። ከዚያም ታላላቆቹን በጉባኤ ገሠጻቸው። እርሱና ቤተ ሰዎቹም ገንዘብና እህል አበድረው ነበርና፥ ራሱን ከእነርሱ ጋራ ቆጥሮ ሁሉም አራጣውን እንዲተዉ ለመነ። እርሻውንና ቤቱን፥ የተቀበሉትንም ከመቶ አንድ እጅ በዚያው ቀን እንዲመልሱ አሳሰባቸው። እነርሱም እሺ አሉ፤ ቃላቸውም እንዳይታጠፍ በካህናት ፊት አስማላቸው።

ነህምያ 12 ዓመት ሲገዛ ለገዥ የሚሰጠውን ቀለብ ከሕዝቡ አልወሰደም፤ ቀንበሩ ከብዶባቸው ነበርና። በማዕዱ ግን 150 ሰዎችን ያበላ ነበር።

ልጆች ሆይ፥ ከተማን ከውጭ ጠላት ቅጥር ይጠብቀዋል፤ ድኃን ግን ከወንድሙ ጭካኔ የሚጠብቀው ሕግና ርኅራኄ ነው። ባልንጀራችሁ በችግሩ ቀን ቢበደራችሁ የሰጣችሁትን ያህል ብቻ ተቀበሉ፤ ሌላውን ከመገሠጻችሁም በፊት እንደ ነህምያ ከራሳችሁ ጀምሩ።