ከበደ ሚካኤል እና የልጆች ንባብ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ዲላ ይደርሳል። ከተማይቱ በቀድሞው ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የደራሳ አውራጃ ዋና ከተማ የነበረች ስትሆን፥ ዛሬ የጌዴኦ ዞን መቀመጫ ናት። የይርጋ ጨፌ፥ የወናጎና የኮቸሬ ቡና ወደ ሰሜን ሲጫን የኖረው በእርስዋ በኩል ነው። ከአዲስ አበባ ለትምህርት ቤቶች የሚላኩት መጻሕፍትም በዚሁ መንገድ ይወርዱ ነበር። ከእነዚያም መካከል ከሁለት ትውልድ በላይ የቆየ፥ በመላው አገሪቱ ተማሪ በቃሉ ያጠናው አንድ መጽሐፍ አለ፤ ይኸውም የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ነው። የዚህ መጽሐፍ ደራሲ የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነው ማገልገላቸውን ግን ከሞያው ሰዎች መካከል እንኳ ብዙዎች አያስታውሱትም። ስለ ልጆች የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በሚታሰብበት ጊዜ የእኒህን ሰው ሕይወት መለስ ብሎ ማየት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ከበደ ሚካኤል በ1909 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። እንደ ዘመኑ ልጆች በቤተ ክህነት ሥርዓት ፊደል ከቆጠሩ በኋላ አዲስ አበባ በሚገኘው በአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ትምህርት ቤት ገብተው በፈረንሳይኛ ተማሩ። በዚያ ዘመን በፈረንሳይኛ የሚማር ልጅ የላ ፎንቴንን ተረቶች በቃሉ ሳይወጣ አያልፍም ነበር። ላ ፎንቴንም ተረቶቹን ከግሪካዊው ከኤዞፕ ወርሶ በግጥም የዘረጋ ሰው ነው። እንስሳት እንደ ሰው ተናግረው፥ ሰው ከእነርሱ ምክር የሚቀበልበት ይህ የአጻጻፍ ስልት በወጣቱ ተማሪ ልቡና ውስጥ ተተክሎ መቅረቱ ከዓመታት በኋላ በሥራቸው ታይቷል።

የ1928ቱ የጣሊያን ወረራ የብዙ ወጣቶችን ትምህርት እንዳቋረጠ ሁሉ የእርሳቸውንም አቋረጠ። ያን ጊዜ ገና የ19 ዓመት ወጣት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕውቀታቸው በአብዛኛው በግል ንባብ የተገኘ ነው። ታሪክ፥ ፍልስፍና፥ ሥነ ጽሑፍ ሁሉ መምህር ሳይቆምላቸው ከመጽሐፍ ተማሩት። ለቤተ መጻሕፍት ባለሞያ ከዚህ የበለጠ የሚነገር ምስክር ያለ አይመስልም፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ መጽሐፍ ክፍት ሆኖ የቆየለት ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል የእርሳቸው ታሪክ ያሳያል። እርግጥ ነው፥ ለአንድ ከበደ ሚካኤል መጽሐፍ ያላገኙ ስንት እንደ እርሳቸው ያሉ ወጣቶች ባክነው እንደ ቀሩ የሚቆጥር የለም።

ከነጻነት በኋላ በጋዜጣና በሬዲዮ ሥራ፥ በትምህርት ሚኒስቴር፥ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም አገልግለዋል። ሹመታቸውን በየተራ መዘርዘር አስፈላጊ አይደለም። ከሹመቱ ይልቅ በእነዚያ ዓመታት ያወጧቸው መጻሕፍት ይበልጣሉ። በ1941 ዓ.ም. «ኢትዮጵያና ምዕራባዊ ሥልጣኔ»፥ በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ታተሙ። «የትንቢት ቀጠሮ»፥ «አኒባል» እና «ካሌብ» የተባሉትን ቴአትሮች ጻፉ፤ የሼክስፒርን «ሮሜዎና ዡልዬት» ወደ አማርኛ መለሱ። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሸላሚ ሆነዋል። የጃፓኑ መጽሐፍ አንባቢው ሁሉ እንደሚያውቀው አንድ ሐሳብ ይዞ ይነሣል፤ ይኸውም ሩቅና ኋላ ቀር የነበረች አገር በትምህርት ብርታት በአጭር ዘመን ልትነሣ እንደምትችል ነው። ይህን ያለ ሰው ለልጆች መጻፉ ከዋና ሥራው የተለየ ትርፍ ሥራ አልነበረም፤ የዚያው ሐሳብ መጀመሪያ ነበር እንጂ።

«ታሪክና ምሳሌ» በሦስት ክፍል ወጣ። ምን ዓይነት ክፍተት እንደ ሞላ ለመረዳት ከእርሱ በፊት ልጅ ምን ያነብ እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል። በቤተ ክህነት ትምህርት ልጅ ከፊደል ቀጥሎ የሚደርሰው ዳዊት መድገም ላይ ነው። ዳዊቱ በግዕዝ ስለ ሆነ ቃሉን አጥርቶ ያነበዋል፤ ምሥጢሩን ግን አያውቀውም። ማንበብ ማለት ድምፅ ማውጣት እንጂ መረዳት ላይሆን ይችል ነበር። በዘመናዊው ትምህርት ቤት በኩል ደግሞ ተማሪው የሚያነበው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በባዕድ ቋንቋ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ቀደም ብለው ለልጅ የሚሆን የምክር መጽሐፍ ማሳተማቸው አይዘነጋም፤ ነገር ግን ምክር ልጅን ሊያርመው ይችላል እንጂ ወደ ንባብ አይስበውም። ከበደ ሚካኤል ምክሩን በታሪክ ውስጥ ደበቁት። ታሪኩ አጭር ነው፤ በአንድ የክፍለ ጊዜ ትምህርት ይጀመራል፥ ይፈጸማል። ቋንቋው ንጹሕና ቀላል ነው። ግጥሙ ቤት ስለሚመታ ልጅ ሁለተኛውን ስንኝ ገና ሳይሰማ ይጠብቀዋል፤ ሲመጣለትም ደስ ይለዋል። ጮክ ብሎ ለሚነበብ መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ ብልሃት የለም። በውጭ አገር የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሞያዎች የተረት ሰዓት ብለው የሚጠሩትና የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ1911 እ.ኤ.አ. የልጆች ክፍል ከከፈተ ወዲህ በብዙ አገር የተስፋፋው ልማድ የሚጠይቀው እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ነው።

ጉድለትም አለበት። በየታሪኩ መጨረሻ ትርጓሜው በአዋቂ አንደበት ተቋጥሮ ስለሚሰጥ ልጁ በራሱ እንዲደርስበት ፋታ አይሰጠውም። መምህሩም ብዙ ጊዜ ታሪኩን ትቶ ትርጓሜውን ያስጠና ነበር። በቃል ማጥናት የማስታወስ ኃይልን ያጠነክራል፤ ያን ግጥም ዛሬም በሽምግልና ዕድሜያቸው ሳይሳሳቱ የሚወጡ ብዙ ናቸው። ነገር ግን መጽሐፉን ሳይወዱ ያጠኑትም አሉ። በትምህርት ቤትና በቤተ መጻሕፍት መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል። ትምህርት ቤት መጽሐፉን ያዝዛል፥ ይፈትናል፤ ቤተ መጻሕፍት ግን አቅርቦ ይተወዋል።

በደራሳ አውራጃ የነበረው ችግር ከዚህ የጠለቀ ነበር። የጌዴኦ ልጅ አፉን የፈታው በጌዴኡፋ ነው፤ በትምህርት ቤት የሚጠብቀው ቋንቋ ግን አማርኛ ብቻ ነበር። ትምህርት ቤት የሚደርሰውም ጥቂቱ ነው። ገበሬው በመሬትና በቡና ምርት ግብር ተጨንቆ በ1952 ዓ.ም. ምችሌ ላይ እስከ ማመፅና ደም እስከ መፍሰስ ደርሶ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ልጅን ለትምህርት መልቀቅ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ስለዚህ ያ ግጥም ለአንዱ ልጅ ወደ ሰፊው ዓለም የሚያወጣ መሰላል ሲሆንለት፥ ለሌላው ገና ከደጃፉ ላይ የተገተረ ግንብ ሆኖበታል። ከበደ ሚካኤል ይህን አስበው ነበር ወይም አላሰቡም ለማለት ሥራዎቻቸው ማስረጃ አይሰጡም። የጻፉት በዘመናቸው የነበረው ሥርዓት ባወቀው ቋንቋ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ የጌዴኦ ቋንቋ ሲሆን፥ ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ማስተማሪያ ሆኗል። ዛሬ የዲላ ልጅ በላቲን ፊደል በጌዴኡፋ ማንበብ ጀምሮ በኋላ የግዕዙን ፊደል ይጨምርበታል። የከበደ ሚካኤል መጽሐፍ ለእርሱ የሁለተኛ ቋንቋ መጽሐፍ ነው፤ በዚያው መጠን መቅረብ ያለበትም በሌላ መንገድ ነው። ተረቱ አስቀድሞ በጌዴኡፋ ቢነገር፥ ከጌዴኦ አባቶች ተረት ጋር ቢነጻጸር፥ መጽሐፉም ከዚያ በኋላ ቢገለጥ ግንቡ ወደ መሰላልነት ሊለወጥ ይችላል። ሽማግሌዎች ሶንጎ ላይ ተቀምጠው በሚመክሩበት፥ ነገርን በምሳሌ ማስረዳት በከበረበት አገር የተረት ሰዓት ባዕድ ሆኖ አይታይም።

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እንመለስ። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ተቋቋመ። ሙሉ ስሙ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ሲሆን፥ ሕዝቡ አሳጥሮ ወመዘክር ብሎ ጠራው። ስሙ የሚያስገርም ነው፤ በግዕዙ «ወ» ማለት «እና» ስለ ሆነ፥ ቤተ መጻሕፍት የሚለው ወድቆ «እና መዘክር» የሚለው ብቻ ቀርቷል። ምናልባት በዘፈቀደ የሆነ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ዋና ግዴታ መጠበቅ መሆኑን ሕዝቡ ሳያውቀው በስሙ የመሰከረ ይመስላል። የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በአገር ውስጥ ከታተመው ሁሉ ቅጂ ሰብስቦ፥ ከብልና ከእርጥበት ጠብቆ ለመጪው ትውልድ ያስተላልፋል፤ መጽሐፉ ሳይጎዳ ከተገኘ ሥራው ተሳክቷል። የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ግን መጽሐፉ ከሦስት ዓመት በኋላ ዳሩ ሳይበላ፥ ገጹ ሳይጠወልግ ቢያገኘው ሊያዝን ይገባዋል። የመጀመሪያው ጥፋት ለሁለተኛው ምስጋና ነው። ከበደ ሚካኤል በሁለቱ መካከል ቆመዋል፤ በአንድ እጃቸው ለመዳሰስ የተጻፈ የልጅ መጽሐፍ፥ በሌላው እንዲጠበቅ የታዘዘ መዘክር ይዘው ነበር። መጽሐፋቸው ወደ ክፍለ ሀገር ልጆች የደረሰው ግን በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ሳይሆን በትምህርት ቤት በኩል ነው። ይህም የአንድ ሰው ጥፋት አልነበረም፤ በየአውራጃው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚያቋቁም በጀትና የሠለጠነ ሰው ባልነበረበት ዘመን ትምህርት ቤት ብቻውን ሸክሙን ተሸከመ። ሕንዳዊው ራንጋናታን ለእያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉ፥ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው የሚለውን ሕግ በ1931 እ.ኤ.አ. አሳትሞ ነበር፤ በዲላ መንገድ ላይ መጽሐፉም አንባቢውም ነበሩ፥ አገናኙ ግን አልነበረም።

ከግጥሞቻቸው መካከል በሰፊው የሚታወቀው የአንድ አዝማሪ ታሪክ ነው። አዝማሪው መንገድ ሲሄድ የሞላ ወንዝ ያጋጥመዋል። ውሃውን በዘፈን ቢያባብለው ጎደል ብሎ የሚያሳልፈው መስሎት ማሲንቆውን ይመታ ጀመር። ዘፈኑን የሰማው ውሃ ግን አልፎ ይሄዳል፤ የሚመጣው ደግሞ ያልሰማ ነው። ደራሲው ይህን የጻፉት ለማይሰማ ሰው መለመን ከንቱ መሆኑን ለማሳየት ነው። ለልጆች ክፍል ሠራተኛ ግን ይኸው ወንዝ ሌላ ትርጉም ይሰጣል። በአንድ ዓመት ተረት የሰሙት ልጆች በሚቀጥለው አድገው ይሄዳሉ፤ በአዲሱ ዓመት የሚመጡት አንዱንም አልሰሙም። ለገዳራ ክረምት ሲገባ ሲሞላ ላየ የዲላ ልጅ ግጥሙን ማስረዳት አያስቸግርም። አዝማሪው ተሳስቶ ይሆናል፤ ተረት ነጋሪው ግን በየዓመቱ እንደ ገና ከመጀመር ሌላ አማራጭ የለውም።

በልጆች ቤተ መጻሕፍት ረገድ በኋላ የታየው እንቅስቃሴ ከግለሰቦችና ከበጎ አድራጎት ማኅበራት የመነጨ ነው። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ ሠፈር የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ቀጥሎም ከዲላ በስተ ሰሜን 90 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሐዋሳ አህያ በምትስበው ጋሪ መጻሕፍት ጭኖ ወደ ልጆች መሄድ ተጀመረ። ልጁ ወደ መጽሐፉ መምጣት ካልቻለ መጽሐፉ ወደ ልጁ ይሂድ የሚለው አሠራር ለጌዴኦ ይበልጥ የሚስማማ ነው። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በእንሰትና በቡና ዛፍ ጥላ ሥር ሕዝብ ተጠጋግቶ የሚኖርበት ተራራማ አገር ነው፤ ከዲላ ከተማ ውጭ ያለው ልጅ በየቀኑ ወርዶ ንባብ ቤት ይገባል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በ2010 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሎ ልጆች ከትምህርት ገበታ በተለዩበት ወቅት ደግሞ፥ መደርደሪያ የሌለው፥ ከሰው አፍ የሚወጣ ታሪክ ብቻ ወደ መጠለያ ሊገባ እንደሚችል ታይቷል። በቃል የሚያዝ አጭር ታሪክ ያን ጊዜ ዋጋው ይታወቃል።

ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ከበደ ሚካኤል ከሹመት ርቀው በጸጥታ ኖሩ። በሕይወታቸው የመጨረሻ ዘመን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው፤ በግል ንባብ የተማሩት ሰው ማዕረጉን ያገኙት ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው ወዲያ ነው። በኅዳር ወር 1991 ዓ.ም. በ82 ዓመታቸው አረፉ። ኅዳር በጌዴኦ የቡና ለቀማ ወር ነው፤ በዚያ ሰሞን ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ቅርጫት ይዘው ማሳ ይውላሉ፥ የንባብ ክፍል ወንበሮችም ባዶ ይሆናሉ። በዲላ የልጆችን የንባብ ጊዜ የሚያወጣ ሰው የዓመቱን ሥራ የሚጀምረው ቡናው ከተለቀመና ልጆቹ ከተመለሱ በኋላ መሆን ይኖርበታል።