ቴሚስቶክልስ፦ ለአቴና ቅጥር ሠርቶ ከቅጥሩ ውጭ የሞተው ሰው

አብዛኞቻችን አቴናን የምናውቃት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ የጣዖቷን ብዛት አይቶ ያዘነባት፣ በአርዮስፋጎስም ቆሞ ወንጌልን የሰበከባት ከተማ ናት። ጳውሎስ ወደዚያ ከመምጣቱ ከ500 ዓመታት በፊት ግን ይህች ከተማ ፈጽማ ልትጠፋ ጥቂት ቀርቷት ነበር። በዚያን ጊዜ ከሌሎች ሁሉ ይልቅ ለመዳኗ ምክንያት የሆነው ሰው ቴሚስቶክልስ ይባላል። የዚህ ሰው ታሪክ መጽሐፍ ቅዱስን ለሚያነብ ሰው እንግዳ አይሆንም፤ በመጽሐፈ አስቴርና በመጽሐፈ ነህምያ የምናገኛቸው ሁለት የፋርስ ነገሥታት በሕይወቱ ውስጥ ገብተዋልና። የመጀመሪያውን በጦርነት አሸነፈ፤ የሁለተኛውን እንጀራ እየበላ ሞተ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የሕይወቱ ዘመን ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።)

አነሣሡ

ቴሚስቶክልስ የተወለደው በ524 አካባቢ ነው። አባቱ ኒዮክልስ ከታወቁት የአቴና መኳንንት ወገን አልነበረም፤ እናቱም የባዕድ አገር ሰው እንደ ነበረች ይነገራል። በቀደመው ዘመን ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ልጅ ወደ መሪነት የሚወጣበት መንገድ ጠባብ ነበር። ይሁን እንጂ ከ508 ጀምሮ ክሊስቴንስ የተባለው መሪ የከተማይቱን አስተዳደር ለወጠው። ሕዝቡን በ10 ነገዶች ከፈለ፤ ከእያንዳንዱ ነገድ 50 ሰዎች የሚገቡበት የ500 ሰዎች ምክር ቤት አቋቋመ። ትልልቁን ጉዳይ የሚወስነው ደግሞ የዜጎች ጉባኤ ነበር። ሴቶች፣ ባሪያዎችና መጻተኞች ድምፅ አልነበራቸውም፤ ድሃው ዜጋ ግን ከባለጠጋው እኩል እጁን ያነሣ ነበር። በዚህ ጉባኤ ሰሚነት የሚያገኘው ሕዝቡን በንግግር ማሳመን የሚችል ሰው ነው። ቴሚስቶክልስ ይህ ስጦታ ነበረው። በ493 ከከተማይቱ ከፍተኛ ሹማምንት አንዱ ሆኖ ተመረጠ፤ ወዲያውም የፒሬዎስን ወደብ ማስመሸግ ጀመረ።

በ490 የፋርስ ንጉሥ ዳርዮስ ጦር በማራቶን ሜዳ በአቴናውያን ተሸነፈ። ይህ ዳርዮስ በመጽሐፈ ዕዝራ እንደምናነበው የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ሥራ እንዲፈጸም ያዘዘው ንጉሥ ነው። ሕዝቡ ጦርነቱ አለቀ ብሎ ሲደሰት ቴሚስቶክልስ ገና መጀመሩ እንደ ሆነ አስተዋለ። ፕሉታርክ የተባለው ጸሐፊ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረናል፤ የማራቶኑ አዛዥ ሚልቲያደስ ያገኘው ክብር ወጣቱን ቴሚስቶክልስ እንቅልፍ ነሥቶት ነበር። አርቆ ማየትና የክብር ጥማት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ያድጉ ጀመር።

ብሩና መርከቦቹ

በ483 አካባቢ ባሪያዎች በሚቆፍሩት በላውሪዮን የማዕድን ስፍራ ብዙ ብር ተገኘ። የታሰበው ብሩን ለዜጎች ማከፋፈል ነበር፤ ሄሮዶቱስ እንደ ጻፈው ለእያንዳንዱ ሰው 10 ድራክማ ይደርሰው ነበር። ቴሚስቶክልስ ግን ተነሥቶ ብሩ የጦር መርከብ ይሠራበት አለ። የፋርስ ስም ቢጠራ ሩቅ መስሎ ስለሚታያቸው፣ በየቀኑ የሚያዩአትን ተቀናቃኝ ደሴት ኤጊናን አነሣባቸው። ሕዝቡም እጁ የገባውን ገንዘብ ትቶ መርከቡን መረጠ። እያንዳንዱ መርከብ በሦስት ረድፍ የሚቀመጡ 170 ቀዛፊዎች ያስፈልጉት ነበር። መርከቦቹን በብዛት የቀዘፉት ጋሻና ጥሩር መግዣ ያልነበራቸው ድሆች ስለ ነበሩ፣ ከዚያ በኋላ የድሃው ድምፅ በጉባኤው እየከበደ ሄደ።

በዚያው ወራት ተቀናቃኙ አሪስቲደስ ከከተማ ወጣ። አቴናውያን በዓመት አንድ ጊዜ፣ አደገኛ ነው የሚሉትን ሰው ስም በገል ላይ ጽፈው ድምፅ የሚሰጡበት ሥርዓት ነበራቸው። ድምፁ 6,000 ከደረሰ፣ ስሙ የበዛበት ሰው ለ10 ዓመት ይሰደዳል፤ ንብረቱ ግን አይወሰድበትም። ክስ የለም፤ መከላከያም የለም። አሪስቲደስ ጻድቁ የሚል ቅጽል ነበረው። እንደሚተረከው፣ አንድ ማንበብ የማይችል ገበሬ ማንነቱን ሳያውቅ ወደ እርሱ ቀርቦ፣ የአሪስቲደስን ስም በገሉ ላይ እንዲጽፍለት ለመነው። ምን በድሎህ ነው ቢለው፣ ምንም አልበደለኝም፤ ጻድቁ ሲባል መስማት ሰልችቶኝ ነው አለው። አሪስቲደስም ዝም ብሎ የራሱን ስም ጽፎ ሰጠው።

የሳላሚስ ሌሊት

በ480 የዳርዮስ ልጅ ጠረክሲስ መጣ። ይህ በመጽሐፈ አስቴር ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ የገዛው ንጉሥ ነው፤ በቀድሞው ትርጉም አርጤክስስ ተብሎ ተጽፏል። ሄሮዶቱስ ከሠራዊቱ መካከል የነብርና የአንበሳ ቆዳ የለበሱ፣ ረጃጅም ቀስት የያዙ ኢትዮጵያውያንን ይቈጥራል። የስፓርታው ንጉሥ ሊዮኒዳስ በቴርሞፒሌ በር ወደቀ፤ ወደ አቴና የሚወስደውም መንገድ ተከፈተ።

አቴናውያን ወደ ዴልፊ ጣዖት መልእክተኛ ልከው፣ የእንጨት ቅጥር ብቻ ይተርፋል የሚል ቃል አምጥተው ነበር። ቴሚስቶክልስ የእንጨቱ ቅጥር መርከቦቹ ናቸው ብሎ ተረጐመው። ሕዝቡም ቤቱን፣ የአባቶቹን መቃብርና መሠዊያዎቹን ትቶ ወደ ሳላሚስ፣ ወደ ኤጊናና ወደ ትሮዜን ተሻገረ። ፋርሶች ገብተው ከተማይቱን አቃጠሉ። ስደተኞች ሁሉ እንዲመለሱ ስለ ታወጀ አሪስቲደስም ተጠርቶ ነበር።

የግሪክ መርከቦች በሳላሚስ ጠባብ የባሕር ሰርጥ ተሰብስበው ነበር። የሌሎች ከተሞች አዛዦች ግን ወደየአገራቸው ማፈግፈግ ፈለጉ። ቴሚስቶክልስ በክርክር ቢደክም የልጆቹን ሞግዚት ሲኪኖስን በድብቅ ወደ ፋርሶች ላከ፤ ግሪኮች በሌሊት ሊሸሹ ነውና ክበቡአቸው የሚል መልእክት ነበር። ፋርሶችም አምነው መውጫውን ዘጉ። በዚያ ሌሊት የጠላትን መርከቦች መካከል ሾልኮ ከኤጊና የመጣና መከበባቸውን ለቴሚስቶክልስ የነገረው አሪስቲደስ ነበር። በእርሱ ተቃውሞ የተሰደደው ሰው ቂሙን ትቶ ከጎኑ ቆመ። በማግሥቱ የፋርስ ብዙ መርከቦች በጠባቡ ስፍራ እርስ በርሳቸው እየተጋጩ ጠፉ፤ ጠረክሲስም በባሕሩ ዳር ካለው ተራራ በዙፋኑ ላይ ሆኖ ተመለከተ። በመጽሐፈ አስቴር በንጉሡ ሦስተኛ ዓመት ግብዣና አስቴር በገባችበት በሰባተኛው ዓመት መካከል ያለው ጊዜ ይህ ዘመቻ የወደቀበት ነው።

ከድሉ በኋላ ግን ቴሚስቶክልስ ወደ ጠረክሲስ ሁለተኛ መልእክት ላከ። ግሪኮች የመመለሻ ድልድይህን እንዳያፈርሱ የከለከልኋቸው እኔ ነኝ አለው። ሄሮዶቱስ እንደሚለው ይህን ያደረገው አንድ ቀን ከወገኖቹ ክፉ ቢያገኘው መሸሸጊያ እንዲሆነው ነው። በድል ቀን ለራሱ የኋላ በር ከፈተ።

ቅጥሩና ገሉ

ፋርሶች ከተባረሩ በኋላ ስፓርታውያን አቴና ቅጥሯን እንዳትሠራ ፈለጉ። ቴሚስቶክልስ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ስፓርታ ሄደና፣ ባልደረቦቼን እየጠበቅሁ ነው እያለ ቀናቱን ገፋ። በዚህ ጊዜ አቴና ውስጥ ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን ሳይቀር ይሠራ ነበር፤ የመቃብር ድንጋይ እንኳ አልቀረም። ዛሬ ቁፋሮ የገለጠው የቅጥሩ መሠረት እነዚያን የመቃብር ድንጋዮች ያሳያል። ቅጥሩ ለመከላከል የሚበቃ ቁመት ሲደርስ ለስፓርታውያን በግልጽ ነገራቸው።

ከዚያ በኋላ የሕዝቡ ፍቅር ቀዘቀዘ። ቴሚስቶክልስ ሥራውን ደጋግሞ ማስታወስ ያበዛ ነበር። በቤቱ አጠገብም መልካም መካሪ ለተባለች አርጤምስ ቤተ ጣዖት ሠራ፤ አቴናውያን መልካሙ መካሪ እርሱ ራሱ መሆኑን ሊነግረን ነው ብለው ተቈጡ። ገንዘብ ይወዳል የሚል ሐሜትም ተከተለው። በ471 አካባቢ ስሙን በገል ጽፈው ለ10 ዓመት አሰደዱት። በ1937 እ.ኤ.አ. ከአክሮፖሊስ ኮረብታ በስተ ሰሜን በአንድ አሮጌ ጉድጓድ ውስጥ ስሙ ያለባቸው 190 ያህል ገሎች ተገኙ፤ የጻፉአቸው ግን 14 ሰዎች ያህል ብቻ ነበሩ። ጠላቶቹ አስቀድመው ጽፈው ለማደል አዘጋጅተዋቸው ነበር ማለት ነው።

በንጉሡ ፊት

በስደት በአርጎስ ሳለ ከፋርስ ጋር ተማክሯል የሚል የክህደት ክስ መጣበት። እርሱም ሸሸ። የሞሎስያውያን ንጉሥ አድሜጦስ ቀድሞ የተቀየመው ሰው ነበር፤ የንጉሡን ሕፃን ልጅ ታቅፎ በምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ምሕረት ለመነው። ከዚያም በመርከብ ወደ ኤፌሶን ተሻገረ። በ465 ጠረክሲስ ሞቶ ልጁ አርጤክስስ ነግሦ ነበር። ቴሚስቶክልስ ያንን የድልድዩን ውለታ እየጠቀሰ ጻፈለት፤ የአንድ ዓመት ጊዜም ለምኖ የፋርስን ቋንቋ ተማረና በፊቱ ቆመ። ንጉሡ ሦስት ከተሞች ሰጠው፦ ማግኔሲያን ለእንጀራው፣ ላምፕሳኮስን ለወይን ጠጁ፣ ሚዩስን ለወጡ። ከማግኔሲያ ብቻ በየዓመቱ 50 መክሊት ይገባለት ነበር። በስሙ ያሳተመው የብር ገንዘብ እስከ ዛሬ ይገኛል። በ459 አካባቢ በዚያው ሞተ። ቱኪዲደስ በሕመም ነው ይላል፤ ወገኖቹን ከመውጋት መርዝ ጠጣ የሚሉም ነበሩ። ዘመዶቹ አጥንቱን በስውር ወስደው በአቴና ምድር ቀበሩት ይባላል፤ ለከሓዲ በዚያ መቀበር ክልክል ነበርና።

ከ14 ዓመታት በኋላ፣ በ445፣ በዚያው በአርጤክስስ ፊት ሌላ ሰው ቆመ፤ ጠጅ አሳላፊው ነህምያ። ቴሚስቶክልስ ከሠራው ቅጥር ወጥቶ ወደዚህ ንጉሥ ማዕድ መጣ፤ ነህምያ ደግሞ የንጉሡን ማዕድ ትቶ የፈረሰውን ቅጥር ሊሠራ ሄደ። ቴሚስቶክልስ ለእንጀራውና ለወይኑ ከተማ ተሰጠው፤ ነህምያ ለ12 ዓመታት ለገዥ የሚገባውን ምግብ ሳይበላ፣ በሕዝቡ ላይ ሸክም እንዳይሆን ተጠነቀቀ።

በቴሚስቶክልስ ላይ ብቻ መፍረድ አይገባንም። ሕዝቡም በገል ያሰደደው ከባርነት ያዳነውን ሰው ነው። በቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሆንን ሁላችን ከሠራነው ሥራ ምስጋና መጠበቅ ይፈታተነናል፤ ምእመናንም የደከመልንን ሰው ስሙ ስለ ሰለቸን ብቻ ገል ማንሣት ይቀናናል። የአሪስቲደስ ታሪክ በመካከል ቆሞ ይጠይቀናል፤ ስሙን በራሱ እጅ ጽፎ የሰጠው ሰው፣ በጨለማ ባሕር ተሻግሮ ካሳደደው ሰው ጎን ቆሟልና።